እናቴ ዶሮ ያባረረች ዕለት

በቅርቡ ቤተ ክርስቲያናችን የምስጋና ቀን አዘጋጅታ ነበር። በደርግ ጊዜ የነበርነውን አሮጌዎች ሰብስበው ከፊት ወንበር አስቀመጡን፤ አንገታችን ላይም የወረቀት አበባ አጠለቁልን። ከዚያ እሱ ወደ መድረክ ወጣ። ስሙን አልጽፍም። ብጽፈው ጸብ ነው፤ ባልጽፈውም ራሱን ያውቃል። ያን ጊዜ የመዘምራን መሪያችን ነበር። ዛሬ ሽማግሌ ሆኗል፤ ወጣቶቹ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ነው የሚቀበሉት።

የሰበከው ስለ ደስታ ነው። "ልጆቼ፣" አለ፣ "እኛ በዚያ ክፉ ዘመን በትንሽ ነገር መደሰትን ተማርን። ብዙ አልጠበቅንም፤ ስለዚህም አልተከፋንም።" ቀጥሎ ሁልጊዜ የሚያወራውን ምስክርነት አመጣ። እንጦጦ ግርጌ ባለች አንዲት ትንሽ ቤት ተደብቀው ሲጸልዩ ቤቱ በወታደር ተከበበ። ጌታ የወታደሮቹን ዓይን ጋረደ። እሱም ሌሎቹን ሁሉ አሳልፎ፣ መጨረሻ ላይ የጓሮውን አጥር ዘሎ አመለጠ። ወጣቶቹ አጨበጨቡ፤ አንዳንዶቹ አለቀሱ።

ከጭብጨባው በኋላ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ "አንዲት እኅት ብቻ ለጊዜው ደክማ ወደ ቀበሌ ኪነት ሄዳ ነበር። ጌታ ግን መሓሪ ነው፤ ዛሬ አብራን አለች" አለ። ስም አልጠራም፤ መጥራትም አላስፈለገውም። ከፊት የተቀመጥነው ሴቶች ጥቂት ነን፤ ሌሎቹ ዞረው አዩኝ።

ያቺ ትንሽ ቤት የእናቴ ቤት ናት። ያቺ እኅት እኔ ነኝ። ስለ ትንሽ ደስታም ሆነ ስለ ወታደሮቹ ከእሱ ይልቅ እኔ የማውቀው ስላለ፣ ጨዋ ለመባል ስል እስከ ዛሬ የዋጥኩትን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ቤታችን ከየካ ሚካኤል ወደ ላይ ሲወጣ፣ ባሕር ዛፉ ከመጀመሩ በፊት ካሉት ቤቶች የመጨረሻዋ ነበረች። አባቴ በልጅነቴ ሞቷል። እናቴ በአንድ መሥሪያ ቤት በጽዳት ሠራተኝነት አሳደገችኝ። የሚካኤልን ዕለት የማታስታጉል ሴት ናት፤ እኔ ግን ትምህርት ቤት ሳለሁ አንዲት ጓደኛዬ ወደ ጴንጤዎቹ አዳራሽ ወሰደችኝና እዚያው ቀረሁ። እናቴ በሰማች ጊዜ ብዙ ቀን አላናገረችኝም። ካናገረችኝም በኋላ፣ "እኔ ጎረቤት ፊት በምን ዓይኔ ልውጣ? የጸረ ማርያም እናት አደረግሽኝ" ትለኝ ነበር። ምሳዬን ግን አንድም ቀን አላስቀረችብኝም።

እኔን እዚያ ያስቀረኝ ስብከቱ አይደለም። መዝሙሩ ነው። ድምፅ ነበረኝ። እንዲህ ብዬ ስጽፍ ትዕቢት እንዳይመስል ብዙ ዓመት ተጠንቅቄአለሁ፤ አሁን አልጠነቀቅም። ድምፅ ነበረኝ። መሪያችንም ያውቅ ነበር። ለብቻዬ ቆሜ የምዘምርበትን እሑድ ወሰነልኝ፤ መዝሙሩንም መረጠልኝ። የትኛው መዝሙር እንደሆነ አልናገርም፤ እሱ ለራሴ ይቅርልኝ። እናቴ እንኳ እያጉረመረመች ውኃ ሰማያዊውን የመዘምራን ልብስ በልኬ አጠበበችልኝ። "ለመናፍቅ ስፌት መስፋት ኃጢአት ይሁን አይሁን እንጃ" እያለች ነበር የምትሰፋው።

እሑዱ ደረሰና ልብሱን አጥፌ በክንዴ ይዤ ወረድኩ። አዳራሹ በር ላይ ጠመንጃ የያዘ የአብዮት ጥበቃ ቆሟል። አግዳሚዎቹ ግቢ ውስጥ ተቆልለዋል።

"ዛሬ የቀበሌ ስብሰባ ነው፤ ከፈለግሽ ግቢ" አለኝ።

"የኛ ጸሎትስ?"

"እሱ ተዘግቷል።"

በቃ፣ ይኸው ነው። ሱቅ እንደሚዘጋ ተዘጋ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አዳራሹ የቀበሌው መሰብሰቢያ ሆነ፤ እኔም ልብሱን ይዤ ዳገቱን ተመልሼ ወጣሁ። እናቴ በር ላይ ሆና አየችኝ። ልብሱን ተቀብላኝ ሳጥን ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ በኋላ በቤት ውስጥ መሰብሰብ ጀመርን። ቤታችን ከመንገድ የራቀች ስለሆነች መሪያችን መረጣት። ቅዳሜ ከሰዓት፣ እናቴ ከሥራ በምትገባበት ጊዜ፣ አንድ አንድ እያሉ ይመጣሉ። ከሰባት አንበልጥም። የሒሳብና የእንግሊዝኛ ደብተር ጭናችን ላይ እናስቀምጣለን፤ ሰው ቢመጣ ጥናት ላይ ነን። መስኮቱ በብርድ ልብስ ይሸፈናል። ከዚያ በትንፋሽ እንዘምራለን። ዛሬ ለወጣቶቹ ብነግራቸው አይገባቸውም፤ ዜማው አለ፣ ቃሉ አለ፣ ድምፁ ግን የለም። መሪያችን በርጩማ ላይ ተቀምጦ በአንድ ጣቱ ይመራናል። ጣቱን ሲያነሣ እንጀምራለን፤ ጣቱን ወደ መሬት ሲያወርድ እንቀንሳለን። አብዛኛውን ጊዜ ጣቱ ወደ መሬት ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜም ወደ እኔ። "አንቺ፣ ያንቺ ትንፋሽ እንኳ ይሰማል" ይለኛል።

እናቴ ደጅ ሆና ልብስ ታጥባለች። ጠባቂያችን እሷ ነበረች። ሰው ወደ ቤት ሲመጣ ካየች፣ የጎመን መደቧን የምትጭረውን ቀይ ዶሮ፣ "እሽሽ! አንቺ ዶሮ!" ብላ ታባርራለች። እኛ ያኔ ደብተር እንገልጣለን። አንድ ሁለት ጊዜ የአብዮት ጥበቃዎች በዚያ ሲያልፉ ዶሮዋ አድናናለች። የሚያስቀው፣ እናቴ በሃይማኖታችን አንድም ቀን አላመነችበትም። እያማተበች ነበር የምትጠብቀን።

በነዚያ ቅዳሜዎች ደስታ አልነበረም አልልም። አንድ ዳቦ ለሁላችን ቆርሰን ስንበላ፣ አንዷ ትን ሲላት ላለመሳል ስትታገል ፊቷ ሲቀላ፣ እኛም ሳቃችንን በደብተር አፍነን ስንንቀጠቀጥ፣ ደስታ ነበር። ግን "ብዙ አልጠበቅንም" ማለት ውሸት ነው። እኔ ጠብቄአለሁ። እንድጠብቅ ያደረገኝም እሱ ራሱ ነው። አንድ ቅዳሜ ሌሎቹ ከወጡ በኋላ፣ "አይዞሽ፣ አዳራሹ የተከፈተ ዕለት የመጀመሪያው መዝሙር ያንቺ ነው" አለኝ። እኔ በዚያ ቃል ኖርኩ። ስኳር በወረፋ ስጠብቅ፣ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ስንጠራ፣ ጓደኞቼ ትምህርታቸው ተቋርጦ ሲበተኑ፣ እኔ ያንን የመጀመሪያ መዝሙር በሆዴ እለማመድ ነበር።

በድምፅ የምለማመደው እንጦጦ ላይ ነው። እናቴና እኔ ማገዶ ለመቆጠብ በእረፍታችን ጠዋት የባሕር ዛፍ ቅጠል ልንለቅም እንወጣለን። ከፍ ብሎ ጫካው ጥቅጥቅ ሲል፣ ከተማው ከእግራችን ሥር ሲሆን፣ እኔ እዘምራለሁ። እናቴ ቅጠሉን በመጥረጊያ እየሰበሰበች፣ "አሁን ይኼ የመናፍቅ መሆኑ ነው?" ትለኛለች። "ነው" እላታለሁ። "እንግዲህ ጩኺው፤ እዚህ የሚሰማሽ እግዜርና ጅብ ነው" ትለኛለች።

የአብዮት ጥበቃም ይሰማ ኖሯል። ዛፍ የሚቆርጡትን ለመያዝ ጫካ ውስጥ የሚዞር አንድ የሰፈራችን ሰው ሰማኝና ሄዶ ለቀበሌው ሊቀ መንበር ነገረው። ተጠራሁ። ሊቀ መንበሩ ጠረጴዛው ላይ እግሩን ሰቅሎ ነበር፤ ስገባ አወረደ። ይኼን ያህል ጨዋነት ነበረው።

"ጓዲት፣ ድምፅ አለሽ አሉ።"

"የለኝም።"

"ጫካ ውስጥ ብቻ ነው የሚወጣው?"

መልሴን ሳይጠብቅ ቀጠለ።

"የኪነት ቡድናችን ዘፋኝ የላትም። ያሉት ይጮኻሉ እንጂ አይዘፍኑም። ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታችሁ ሰው ይበዛል ይባላል። ምንድን ነው?"

"ጥናት ነው። ሒሳብ።"

"ሒሳቡን አንድ ቀን መጥተን ልናየው እንችላለን" አለ እየሳቀ። "ወይም አንቺ ወደ እኛ ትመጫለሽ። ያኔ የኛ ልጅ ነሽ። የኛን ልጅ ቤት ማን ይፈትሻል? አስቢበት።"

ያን ጊዜ ከእኛ ሰዎች ብዙዎቹ "አብዮቱ ከሁሉም በላይ ነው" አንልም ብለው ታስረዋል፤ ተገርፈዋል። ለእኛ ኪነት መግባት ቀላል ነገር አልነበረም። ስለዚህ የሄድኩት መሪያችንን ልጠይቅ ነው። ቦኖ ውኃው ጋ አገኘሁት፤ ባልዲዬን ደቅኜ ወረፋዬ ደርሶ ነበር። የሊቀ መንበሩን ነገር ሁሉ ነገርኩት። ዙሪያውን አየና ወደ ጆሮዬ ቀረበ።

"ሂጂ" አለኝ።

"ኪነት?"

"ቀስ በይ። ሂጂ። አንቺ ብትሄጂ ቤቱ ይተርፋል፤ እኛም እንተርፋለን። አፍሽን ስጫቸው፤ ልብሽን አትስጪ።"

"ሌሎቹስ ምን ይሉኛል?"

"ለሌሎቹ እኔ እነግራቸዋለሁ። አንቺ ግን ለማንም አትናገሪ፤ ወሬው ከወጣ ሁላችንም እንጠፋለን።"

ባልዲው ሞልቶ ይፈስ ነበር። አንሥቶ አላሸከመኝም፤ አብረን እንዳንታይ ብሎ ቀድሞኝ ሄደ። እኔ ልክ ነው ብዬ ተቀበልኩት። መሪያችን ነው፤ ለሌሎቹ እነግራለሁ ብሏል፤ ምን ጎደለኝ?

ኪነቱ የሚለማመደው ከታች ሜዳው ላይ ነበር። አሠልጣኙ ከጦር ሠራዊት ባንድ ጡረታ የወጣ፣ አኮርዲዮን የሚጫወትና ነገር የማይጥመው ሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን ካዳመጠኝ በኋላ አኮርዲዮኑን ዘጋና፣ "አንቺን እስከ ዛሬ የት ደብቀውሽ ነው?" አለኝ። ሰው እንዲህ ካለኝ ስንት ጊዜው ነው! በሰፊ ሜዳ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ማንም ጣቱን ወደ መሬት ሳያወርድብኝ ዘፈንኩ። የግጥሙን ቃል አልወደድኩትም፤ ደስ አላለኝም ግን አልልም። ደስ ብሎኛል። ለዚህም ማንንም ይቅርታ አልጠይቅም።

ዝግጅቱ የሚቀርበው በአብዮቱ በዓል፣ እሑድ ከሰዓት፣ አዳራሹ ውስጥ ነበር፤ በእኛው አዳራሽ። መስቀሉ ከነበረበት ግድግዳ ላይ የሦስት ጺማሞች ሥዕል ተሰቅሏል። መድረኩ ያው ነው፤ ወለሉ ላይ የመዘምራን ቦታ የተሰመረበት ቀለም እንኳ አልጠፋም። የመሥሪያ ቤት ደንብ ልብስ የመሰለ ካኪ አልብሰውኝ ማይክራፎኑ ፊት አቆሙኝ። ሰው ጢም ብሏል። አኮርዲዮኑ ጀመረ። አፌን ከፈትኩ።

ትንፋሽ ወጣ። ትንፋሽ ብቻ።

ፈርቼ አይደለም። ሰዎች ፈርታ ነው አሉ፤ መሪያችን ደግሞ ጌታ አፏን ያዘ ይላል አሉ። ሁለቱም አይደለም። ያን ሁሉ ዓመት በአራት ግድግዳ መካከል ድምፄን አውጥቼ አላውቅም። ጉሮሮዬ ግድግዳ ሲያይ ምን ማድረግ እንዳለበት ተምሯል። ዜማውን አልሳትኩም፤ ቃሉንም አልረሳሁም፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በትንፋሽ ዘፈንኩት። ማይክራፎኑ ፉጨት የመሰለ ነገር ያሰማ ነበር።

"ጮክ በይ እንጂ!" አለ አንዱ ከኋላ።

"ተዋት፣ ባትሪዋ አልቋል" አለ ሌላው፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

አሠልጣኙ በአኮርዲዮን ሊሸፍነኝ ሞከረና ተወው። ስወርድ፣ "ማይክ ተተክሎልሽ ታንሾካሽኪያለሽ? ምስጢር ነው እንዴ አብዮቱ?" አለኝ። ሊቀ መንበሩ ወደዚያ የጫካ ጠባቂ ዞሮ፣ "እንጦጦን ያናወጠችው ይህቺ ናት?" አለው። ሰውየው ለብዙ ጊዜ መሳቂያ ሆነ። እኔን የሰፈር ልጆች "ባትሪ" ብለው ጠሩኝ። ኪነቱም ያኔውኑ አሰናበተኝ፤ ቀበሌውም ከዚያ በኋላ ቤታችንን ረሳው፤ ከእኔ የሚፈልገው ነገር አልነበረማ።

እንግዲህ እኔ ለአብዮቱ የዘፈንኩት ዘፈን ይህ ነው። ማንም ያልሰማው።

በቀጣዩ ቅዳሜ ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ወደ እኛ ቤት መጡ። ደብተሬን ይዤ ልቀመጥ ስል መሪያችን፣ "እኅቴ፣ አንዴ ቁሚ" አለኝ። ቆምኩ።

"በአደባባይ ለእነሱ ቆመሽ ዘፍነሻል። ስለዚህ ለጊዜው ከኅብረቱ ራቅ ብትይ ይሻላል ብለን ተስማምተናል።"

"ማንን አማክረሽ ነው የሄድሽው?" አለችኝ አንዷ ልጅ፤ እንባዋ መጥቶ ነበር። "ለአንዳችን እንኳ ብትነግሪን ምን ነበረበት?"

እሱን አየሁት። አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። ጣቱን ነበር የሚያየው፤ ያንን የሚመራበትን ጣቱን። እኔ ልናገር እችል ነበር፤ ግን ለማንም አትናገሪ ብሎኛል፤ የሚናገረው እሱ ነው፤ ደግሞም የመጀመሪያው መዝሙር አለ። አሁን በሰው ፊት ካዋረድኩት ያንን ይከለክለኛል ብዬ አሰብኩ። መጠበቅ ሰውን እንዲህ ያደርጋል። ደብተሬን ይዤ ወጣሁ። ከገዛ ቤቴ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ያው ሰው በላብ አደሮች ቀን ከመሥሪያ ቤቱ ሰልፈኞች ጋር ግራ እጁን ጨብጦ አንሥቶ ሲሄድ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ኋላ ስጠይቀው፣ "እጄ ተነሣ እንጂ ልቤ አልተነሣም" አለኝ። የእሱ እጅ ተነሥቶ ልቡ ቀረ፤ የእኔ ድምፅ እንኳ ሳይነሣ እኔ ተቀጣሁ።

እናቴ ደጅ ላይ አንሶላ እየጨመቀች ነበር። አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ።

"ምነው ወጣሽ?"

"ከልክለውኝ ነው።"

"ከምን?"

"ከመግባት። ኪነት ስለሄድኩ።"

"ከዚህ ቤት?" አለች ወደ በሩ እያየች። "ከኔ ቤት?"

"ተይ እማዬ፣ ቀስ በይ።"

"ታዲያ ከመሄድሽ በፊት አልጠየቅሽም?"

"ጠይቄአለሁ። ሂጂ ያለኝ እሱ ነው።"

እናቴ አንሶላውን ይዛ ቆመች። የሚንጠባጠበው ውኃ እግሯ ላይ ይፈስ ነበር። ከውስጥ ትንፋሻቸው ይሰማል፤ ዜማውን አውቀዋለሁ፤ እኔ ስኖር የማወጣው ከፍ ያለው ቦታ ላይ ሲደርሱ የሚያወጣው ጠፍቶ ዘለሉት። እናቴ ሚስማሩ ላይ አንሶላውን ሰቀለች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ቀይዋ ዶሮ ከአጥሩ ሥር አቧራ ውስጥ ተኝታ ነበር፤ ጎመኑ ዘንድ አልደረሰችም። መንገዱ ላይ ነፍስ ያለው ነገር የለም።

"እሽሽ!" አለች እናቴ በሙሉ ጉሮሮዋ። "እሽሽ! አንቺ ዶሮ! ውጪ ከቤቴ! እሽሽሽ! መጡልሽ!"

ውስጥ በርጩማው ወደቀ። ከዚያ አንድ ደብተር ወደቀ። ከዚያ የጓሮው በር ተበረገደና መጀመሪያ የወጣው እሱ ነበር። ይኼንን እደግመዋለሁ፤ መጀመሪያ የወጣው እሱ ነበር። ልጃገረዶቹን በክርኑ ገፍቶ የቆርቆሮውን አጥር ሲዘል ሱሪው ከኋላ በሚስማር ተይዞ ሸርተት ብሎ ተቀደደ። የውስጥ ሱሪው እየታየ፣ በሁለት እጁ ኋላውን ይዞ፣ ወደ ጫካው ሮጠ። ሌሎቹ ተከትለውት በየአቅጣጫው ተበተኑ። ዶሮዋ ከእንቅልፏ ነቅታ ግራ ገብቷት ቆማለች።

እናቴ እስኪርቁ ጠበቀች። ከዚያ፣ "መናፍቅ ሲሮጥ እንዲህ ነው ለካ" አለች።

ሳቅኩ። ስቄ ስቄ መሬት ተቀመጥኩ፤ ሳቁ ወደ ልቅሶ ሲዞር እናቴ አየችና መጥረጊያውንና የቅጠል ጨርቋን አነሣች።

"ተነሺ። ቅጠል እንልቀም።"

"በዚህ ሰዓት?"

"ተነሺ አልኩሽ።"

ዳገቱን ወጣን። ሁልጊዜ ከምንቆምበት አልፈን፣ እንጨት የሚሸከሙት ሴቶች ሸክማቸውን ድንጋይ ላይ አስደግፈው ከሚያርፉበት ደረስን። የተወሰኑት እዚያ ነበሩ፤ ጀርባቸው ላይ ያለው እንጨት ከእነሱ ይረዝማል። እናቴ ሰላም አለቻቸውና ወደ እኔ ዞራ፣ "በይ አሁን" አለችኝ።

"ሰው አለ እማዬ።"

"ስላለ ነው።"

ውኃ ሰማያዊ ልብስ አልለበስኩም፤ ፊቴ በእንባ ተጨማልቋል። ለዚያ እሑድ የተመረጠልኝን መዝሙር ጀመርኩት። ግድግዳ የለም። ድምፄ ወጣ፤ ሜዳው ላይ ከወጣውም በላይ ወጣ፤ ከዛፎቹ አልፎ ወደ ከተማው ሄደ። ሴቶቹ ሰሙኝ። እንደ እናቴ ማተብ ያላቸው ናቸው፤ የማን መዝሙር እንደሆነ ቢያውቁ ላይወዱት ይችላሉ። ስጨርስ አንዲቱ፣ ገመዱ ደረቷን የቆረጣት አሮጊት፣ ከሸክሟ ሳትላቀቅ፣ "ድገሚው እስቲ፤ ትንሽ ልረፍበት" አለችኝ።

ደገምኩት።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በሕይወቴ ለብቻዬ በሰው ፊት የዘመርኩት ይኸው ነው። ትንሽ ደስታ ከተባለ ይህ ነው፤ ግን ማንም መድረክ ላይ ወጥቶ እንደ ትምህርት እንዲያድለው አልፈቅድም። ትንሽ የሆነው እኔ ትንሽ ስለፈለግኩ አይደለም። ትልቁን ስለከለከሉኝ ነው። እናቴና ያቺ አሮጊት የሰጡኝን እሱ የሰጠኝ አስመስሎ "ተማርን" ሲል ደሜ ይፈላል።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ወደ እኛ ቤት የመጣ የለም፤ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወሩ። ወሬው ግን ወዲያው ጀመረ። በመጀመሪያ "ጥበቃዎች መጡ" ነበር፤ ቀጥሎ "ወታደሮች መጡ" ሆነ፤ ቀጥሎ ቤቱ ተከበበ። እናቴ በሰማች ቁጥር፣ "ዶሮዋ ሻምበል ሆነች በይኛ" ትላለች። እኔ ዝም አልኩ። አሁንም የመጀመሪያውን መዝሙር እየጠበቅኩ ነበር፤ ይኼ ነው የሚያናድደኝ።

ደርግ ሲወድቅ አዳራሹ ተመለሰልን። ሥዕሎቹ ወረዱ፤ ግድግዳው በኖራ ተቀባ። ቅጣቱም "ተነሣ" ተባለ፤ ለምን እንደተጣለ የጠየቀ የለም። እኔ ልብሱን ከሳጥን አወጣሁ፤ እናቴ አርጅታ ዓይኗ እያስቸገራት ጎኑን አሰፋችልኝ። በመክፈቻው ዕለት የመጀመሪያውን መዝሙር የዘመረችው የእሱ ሚስት ናት። ያኔ፣ "ማንን አማክረሽ ነው?" ብላ የጠየቀችኝ ያቺው ልጅ። በእሷ አልፈርድም፤ ምንም አልነገራትም። ለእኔ በሩ ላይ፣ "አንቺ ትንሽ ዕረፊ፤ ድምፅሽም ያኔ አስቸግሮሽ ነበር" አለኝ። እናቴ ቤት ስገባ ፊቴን አይታ፣ "ከእሱ ነበር የምትጠብቂው?" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አላነሣችብኝም። እሷም አልፋለች፤ ዶሮዋን የሚያውቅ እኔ ብቻ ቀረሁ።

ወደ ምስጋናው ቀን ልመለስ። ፕሮግራሙ አልቆ ሰው እየተሳሳመ ሲቆም እሱ በወጣቶች ታጅቦ ወደ እኔ መጣ። ሁለት እጁን ዘረጋ።

"እኅቴ፣ እንዴት ነሽ? ተባረኪ። እነዚህ ልጆች ያን ዘመን ማወቅ ይፈልጋሉ።"

"ልንገራቸው?"

"ንገሪያቸው እንጂ።"

"ቦኖው ጋ ምን እንዳልከኝ ልንገራቸው?"

ፈገግታው ባለበት ቆመ። እሱን ሌላው ሰው ሁሉ እርስዎ ይለዋል፤ እኔ አንተ ስለው ወጣቶቹ ተያዩ።

"ኧረ፣ ያ ብዙ ዘመን ሆነው።"

"ለአንተ ነው የሆነው። ሂጂ ያልከኝ አንተ ነህ። ወታደርም አልነበረም። የእናቴ ዶሮ ነበረች።"

አንዱ ወጣት ሳቅ አመለጠውና አፉን ያዘ።

"እኅቴ፣" አለ ቀስ ብሎ፣ "ይሄ ሰዓቱ አይደለም። እንጸልይበት።"

ይህን "እንጸልይበት" አውቀዋለሁ። በእኛ ዘንድ አንድን ነገር ለመቅበር ሲፈለግ የሚባለው ይኸው ነው።

"አንተ ጸልይበት" አልኩት። "እኔ ጸልዬበት ጨርሻለሁ።"

ከዚያ እዚያው በቆምኩበት፣ መድረክ ሳልወጣ፣ ያ የወረቀት አበባ አንገቴ ላይ እንዳለ፣ መዝሙሬን ጀመርኩ። ይወጣል አይወጣም አላውቅም ነበር፤ ግድግዳው ያው ግድግዳ ነው። በመጀመሪያው ስንኝ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ሁለተኛው ላይ የሆነ ነገር ተሰነጠቀና ወጣ። የአሮጊት ድምፅ ነው፤ ሻካራ ነው፤ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ተሰበረ። ወንበር የሚሰበስቡት ልጆች ቆሙ። በሩ ጋ የደረሱት ሰዎች ዞሩ።

እሱ ፊት ለፊቴ እንደቆመ፣ ሳያስበው መሰለኝ፣ ቀኝ እጁ ከጎኑ ተነሣ። ጣቱን ወደ መሬት አወረደ።

እኔ ድምፄን አላወረድኩም። እስከ መጨረሻው ዘመርኩት፤ አበባውን ከአንገቴ አውልቄ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ።